ከጉሮሮ እስከ ዓይን

ልቡ ተከፍቶ የታከመ ሰው ዓይኔን አመመኝ ሲል «ልብና ዓይን ምን አገናኛቸው?» እንላለን። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው የገረመኝ ነገር፣ ይህ ግንኙነት የታወቀው ከልብ ቀዶ ጥገና አስቀድሞ መሆኑ ነው።

ጀርመናዊው ሄልምሆልዝ የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ አደረገ። ከ8 ዓመት በኋላ የበርሊኑ የዓይን ሐኪም ፎን ግሬፌ የአንድ የልብ ሕመምተኛ ዓይን በድንገት መጥፋቱን ጻፈ። ምክንያቱ ከልብ የተነሣ ቅንጣት የዓይኑን ደም ሥር መዝጋቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ጊበን ፊላደልፊያ ላይ የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ ማሽን የተሳካ ቀዶ ጥገና አደረገ። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ስንቱን አተረፈ! ግን ደም በቱቦ ሲዞር የረጋ ደም ወይም የአየር አረፋ ወደ ዓይን ሊሄድ ይችላል። ግፊት ሲወርድና ደም ሲያንስም የዓይን ነርቭ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን የዓይን ብርሃን ላይመለስ ይችላል።

ወደ እኛ እንምጣ። አገራችን ውስጥ ወጣቱን ለልብ ቀዶ ጥገና ከሚዳርጉት ዋነኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ መነሻው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም። ሕፃናት ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። በእነ ዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፈተ።

ብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ወደ ሐዋሳ የሚመለሰው ዋርፋሪን ይዞ ነው። ይህ መድኃኒት መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ነበር፤ ለሰው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይደማል፤ ሁለቱም ዓይን ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። እኛ ከተማ ቆጮ ያለ ጎመን አይታሰብም አይደል? ጎመን ይቅር ማለት አይደለም፤ መጠኑ ዛሬ ብዙ ነገ ባዶ አይሁን ነው ነገሩ። የደም ምርመራውም አይዘለል።

የዓይን ደም ሥር ሲዘጋ ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ዓይኑ ላይ ድንገት መጋረጃ የወረደበት ሰው፣ ቶሎ ቢገፈፍለትም እንኳ፣ «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ማደር የለበትም፤ ያኔውኑ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ፣ ቫልቭ እንዳለውም ይናገር። ከሁሉ በፊት ግን የታናናሾቻችሁን ጉሮሮ አትናቁ። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ሁሉ መንገድ ገና ከበሩ ይዘጋዋል።