የቤት ሲኒማ ሪሲቨር፦ ለሙዚቃ ወይስ ለፊልም?

የቤት ሲኒማ ሪሲቨር የሳተላይት ጣቢያዎችን ከሚቀበለው ሪሲቨር የተለየ ነው፤ ከቴሌቪዥን፣ ከስልክ ወይም ከዲስክ ማጫወቻ የሚመጣውን ድምፅ አጉልቶ ለስፒከሮች ያከፋፍላል።

ምርጫው የሚጀምረው ከአጠቃቀም ነው። ሙዚቃ በአመዛኙ የሚዘጋጀው ለግራና ለቀኝ፣ ለሁለት ስፒከሮች ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ለሚያዘወትር ሰው ስቴሪዮ ሪሲቨር ከሁለት ጥሩ ስፒከሮች ጋር ይበቃዋል። ለፊልም ግን «5.1» የተባለው ሥርዓት ተመራጭ ነው፤ አምስት ስፒከሮችና አንድ የባስ ስፒከር ሲኖሩት፣ የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚሰማው ከመካከለኛው ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ ባለ 5.1 ሪሲቨር ገዝቶ ሙዚቃውን በስቴሪዮ ማዳመጥ ይችላል።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። አንድ ወይም ሁለት ስፒከር ብቻ ሲሠራ የተለካው ኃይል፣ ሁሉም በአንድነት ሲሠሩ ይቀንሳል። ከ50 ወደ 100 ዋት ማደግም ድምፁን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ መጠነኛ ልዩነት ነው።

መሣሪያውን ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ ያሰበ በጀርባው የተጻፈውን ቮልት አስቀድሞ ያንብብ። ለአሜሪካ ገበያ በ120 ቮልት ብቻ እንዲሠራ የተመረተ ሪሲቨር በ220 ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል።