እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች፦ የመንዝ ድፎ ዳቦና የማገዶው ታሪክ

የአገራችን የምህንድስና ታሪክ ሲወሳ አስቀድመው የሚጠቀሱት የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር ግንቦች ናቸው። በየጓዳው ሲሠራበት የኖረው የሙቀት ጥበብ ግን ከታሪክ ጸሐፊዎችም ሆነ ከመሐንዲሶች ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ድፎ ዳቦ ለዚህ ጥበብ አንድ ምስክር ነው።

በዚህ አገር የዘወትሩ ምግብ የገብስ እንጀራ፣ ቂጣና ቆሎ ሲሆን፣ ድፎ ዳቦ የበዓልና የክብር ምግብ ነው። የማኅበርና የሰንበቴ ድግስ ያለ ዳቦ አይሟላም፤ ነሐሴ 13 ቀን ለሚከበረው ቡሄም «ሆያ ሆዬ» ለሚሉት ልጆች ሙልሙል ይታደላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የስንዴው ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ በቡሃቃ ውስጥ ኩፍ እስኪል ይቆያል። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደው የሸክላ ምጣድ ኮባ ይነጠፍና ሊጡ ይደፋበታል፤ ላዩም በኮባ ይሸፈናል። ከዚያም ሌላ ምጣድ ይከደንበትና በክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ሰው መላ ሲያጣ «እንደ ዳቦ እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች» የሚለው ከዚሁ በመነሣት ነው።

የአውሮፓ ገጠር ጋጋሪ በድንጋይ ወይም በጡብ በታነጸ ጉልላት ውስጥ ብዙ እንጨት አንድዶ፣ ግድግዳው ባጠራቀመው ሙቀት ዳቦውን ከየአቅጣጫው ያበስላል። የመንዟ ባለሙያ ግን ያለ ሕንፃ፣ በሁለት ምጣድና በጥቂት ፍም ተመሳሳዩን ውጤት ታገኛለች። ኮባውም ሊጡን ከማረር ይጠብቀዋል፤ እንፋሎቱንም ያፍናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለሆነም የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ ካልታፈነም ዳቦው ይደርቃል።

የዚህ ጥበብ ዋነኛ ፈተና ማገዶ ነው። በመንዝ የጓሳ ሣርና ቁጥቋጦ ለብዙ ዘመናት «ቄሮ» በሚባል ባህላዊ የጋራ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ሕዝቡም ለቤት መክደኛ ሣር፣ ለምድጃም ጭራሮ የሚያገኘው ጊዜው ተወስኖ ነበር። ይህ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ደጋው በዛፍ የተራቆተ በመሆኑ ኩበት ዋና ማገዶ ሆኖ ኖሯል። ኩበት ሲነድ ግን ለማሳው ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ ዛሬ ዳቦ የጋገረው እሳት የነገውን ስንዴ ይቀንሳል ማለት ነው።

በከተሞቻችን በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ወዲህ የተስፋፋው፣ ስሙም ከጣሊያንኛ የመጣው ፉርኖ ይህን ችግር ለገጠሩ አልፈታም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ የታቀደው ለእንጀራ ነው። እንጀራ የሚሻው የታችኛውን እሳት ብቻ ነው፤ ዳቦ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። ከዚህም የተነሣ የላይኛው ፍም ዛሬም ለብቻው መንደድ አለበት።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የምድጃ ዕቅድ ሲነደፍ ባለሙያዋ አስቀድማ የፈታችውን ጥያቄ ማወቅ ያስፈልጋል። በ«ምርጥ» ምድጃ ጀርባ የሚወጣው ትኩስ ጭስ የድስት ማሞቂያ ሆኗል፤ ይኸው ጭስ በዳቦው ክዳን ላይ ዞሮ እንዲወጣ ቢደረግ፣ አንዱ እሳት የላዩንም የታቹንም ሥራ ሊሠራ ይችል ይሆናል። ይህ ሐሳብ ተለክቶና ተፈትኖ ቢታይ የሚተርፈው ኩበት ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ድፎውም ከነክብሩ በማኅበሩ መሶብ ላይ ይቀራል።