የሐይቅ መንገደኞች

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ስሟን የወሰደችበት ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ዛሬ ወደዚህ የሚመጣ እንግዳ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ በጀልባ ይንሸራሸራል፣ ከዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ይበላል፣ ወፍ ያያል፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ የእስጢፋኖስን ገዳም ይሳለማል። ቦታውን የሚያስተዋውቁ ሰዎች ገዳሙን ብዙ ጊዜ ከዓለም ተሰውሮ የኖረ ደሴት አድርገው ያቀርቡታል፤ እንግዳውም በቅርቡ በሩን ያንኳኳ ባዳ ይመስላል። ታሪኩን ተከትሎ ለሄደ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሐይቅን ለታላቅነት ያበቃው ከሩቅ የመጣና ወደ ሩቅ የሄደ መንገደኛ ነው።

ከገዳሙ መሥራች እንጀምር። አባ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ ተወላጅ አልነበሩም። ከዳህና ተነሥተው ደብረ ዳሞ ወጡ፤ በዚያ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው መነኮሱ፤ ወደ ሐይቅ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። የገዳሙን አበምኔቶች ታሪክ ያጠኑት ታደሰ ታምራት የአበምኔቶቹን ዝርዝር የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. ከ1248 ነው። ደቀ መዛሙርቱም እንደ መምህራቸው መንገደኞች ነበሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው እዚህ ዓመታት ተቀምጠዋል፤ ኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ሂሩተ አምላክ ደግሞ ወደ ጣና ተሻግረው የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም አቀኑ፤ ከአንድ ሐይቅ የተነሣው የቅዱሱ ስም በሌላ ሐይቅ ላይ የተተከለው እንዲህ ነው። ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በውስጡ የእሳቸው የራሳቸው ሥዕል ይገኛል፤ የገዳሙ ንብረትና መጻሕፍትም ተመዝግበውበታል። ያ መዝገብ የሚናገረው ስለ ጸሎት ቤት ብቻ አይደለም፤ ሰው ለመማርና ለመገልበጥ የሚመጣበት የመጻሕፍት ቤት እንደነበረም ያሳያል። በጊዜው መጽሐፍ ማግኘት ማለት በእግር ተጉዞ መጽሐፉ ካለበት መድረስ ነበርና።

ሐይቅን ያበቃው መንገደኛ ነው ለሚለው ሐሳብ ቀላል የማይባል ተቃውሞ አለ። መነኮሳቱ በውኃ የተከበበ ቦታ የመረጡት ከሰው ለመራቅ አይደለም ወይ? እውነት ነው፤ ብቸኝነት የምንኩስና መሠረት ነው። ነገር ግን የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ይህም በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ የሃይማኖት ሹመቶች አንዱ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ሰው ነበሩ። አለቃው ከንጉሥ አጠገብ የሚውል ገዳም ከዓለም ተሰውሯል ለማለት ይከብዳል። ውኃው ሰውን የሚያስቀር ግንብ አልነበረም፤ ማን እንደሚገባ የሚጠየቅበት በር ነበር። እውነተኛውን የተዘጋ ቦታ ማየት የሚሻ ሰው በጎረቤቱ አምባሰል ውስጥ ወዳለው የግሸን ተራራ ይመልከት። የነገሥታቱ ልጆች በዘብ የሚጠበቁበት በነበረበት ዘመን መንገደኛ ወደ ተራራው እንዳይጠጋ ይከለከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ወደዚያ አካባቢ በመጠጋታቸው ብቻ ድንጋይ እንደዘነበባቸው ጽፏል።

ያው ሰው ስለ ሐይቅ ሲጽፍ ግን አነጋገሩ ሌላ ነው። በደሴቱ ላይ ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ እንደሚበቅል፣ መነኮሳቱም ከእንጨትና ከቄጠማ በተጠፈረ ታንኳ እንደሚሻገሩ ይተርካል። ታንኳውን የገለጸው አሠራሩን ቀርቦ እንዳየ ሰው ነው፤ ቄጠማው በእንጨቶች መካከል ተጠቅጥቆ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ምስማርም ሳንቃም የለውም። ሐይቅ ላይ በታንኳ መሻገር ለጎብኚ ተብሎ የተፈጠረ ጨዋታ ሳይሆን የዕለት ሥራ እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ፣ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሲመጣም ውኃው እንደ በር ሆኖ ተገኘ። የዘመቻው ታሪክ የሆነው ፉቱሕ አል ሐበሻ እንደሚተርከው መሻገሪያ ተሠራ፤ መነኮሳቱም ሀብታቸውን አስረከቡ። የገዳሙ ሀብት ወሬው ሩቅ ደርሶ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የመነኮሳት ታሪክ ነው የሚል ነው፤ ሐይቅ የሚገኝበት የተሁለደሬ ወረዳ የዛሬ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ። ተቃውሞው ፍትሐዊ ነው። የሐይቅን ታሪክ በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ብቻ የሚጽፍ ሰው ወሎን አላወቀም። እኔ ግን የያዝኩት ክር መንገደኛውን እንጂ ቅጥሩን አይከተልም፤ መንገዱ ደግሞ የሁሉም ነው። ይህ አገር የሰሜኑና የደቡቡ መተላለፊያ ስለሆነ ነጋዴም ዘማችም መልእክተኛም አልፎበታል። ዐፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል የተፈራረሙት ከዚሁ መንገድ ብዙ ሳይርቁ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። የጃንጥራር አስፋው ልጅ መነን ከዚያው ከአምባሰል ወጥተው እቴጌ ሆኑ። የአምባሰል ስም ከአራቱ ዋና የዜማ ቅኝቶች በአንዱ ላይ ስላረፈ፣ አገሩን አይቶት የማያውቅ ክራር መቺ ሳይቀር በየቀኑ ይጠራዋል።

ቆሮሶውም የሩቅ እንግዳ ነው። አልቫሬዝ በሐይቁ ያገኘው የዓሣ ዓይነት አንድ ብቻ ነበር፤ ትልቅና አስቀያሚ ጭንቅላት ያለው፣ ዛሬ አምባዛ የምንለው መሆኑ አያጠራጥርም። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዳርቻው ተጠብሶ የሚቀርበው፣ ለብዙ አስጋሪና ለብዙ ቤት እንጀራ የሆነው ዓሣ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አልሞላውም። ወጣቱ የሚፈልገው የዕለት ገቢ እንጂ የድሮ መጽሐፍ አይደለም ለሚሉ መልሴ እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ሥራ ሐይቁን እንግዳ አያደርገውም፤ አዲስ ነገር መቀበል ለቦታው ነባር ጠባዩ ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላል። ውኃው ቀድሞ በጥራቱ የታወቀ ነበር፤ ከቆሮሶው መምጣት በኋላ ደፈረሰ። ተመራማሪዎች ዓሣው አልጌ የሚበሉትን ደቂቅ ነፍሳት መፍጀቱን አንዱ ምክንያት አድርገው ያነሣሉ። ሐይቁ ወንዝ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ስለሌለው ከየማሳውና ከየቤቱ የሚታጠበው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ደሴቱም ውኃው በመሸሹ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል።

ስለዚህ አንድ እንግዳ ሐይቅ መጥቶ ምን ያድርግ ለሚል ጥያቄ ጀልባና ዓሣ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱንም ማስቀረት ግን አያስፈልግም። ሴት ተጓዦች ገዳሙ ውስጥ ስለማይገቡ የቦታው ታሪክ በገዳሙ በር ላይ የሚያልቅ ከሆነ ግማሹ እንግዳ ባዶ እጁን ይመለሳል። የወንጌሉ ሥዕል ቅጂ፣ የቄጠማው ታንኳ አሠራር፣ የአልቫሬዝ መንገድ ካርታ ከዳርቻው ላይ፣ ሴትም ወንድም ሙስሊምም ክርስቲያንም በሚቀመጥበት ቦታ ሊታዩ ይገባል። ታንኳ መጠፈር የሚያውቁ ሽማግሌዎችም እያሳዩ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ይሁኑ። ሐይቅ ያደረ ሰው በማግስቱ ውጫሌን አልፎ ይስማ ንጉሥን ቢያይ፣ መስከረም 21 የደረሰበትም ከምእመናኑ ጋር ግሸን ቢወጣ፣ አልቫሬዝ በድንጋይ የተባረረበት ተራራ ዛሬ ለእልፍ መንገደኛ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል።