መጥረቢያው ከዛቢያው ሲወልቅ

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ እየተጓዝን ነው። እኔ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ረዳቱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ደፋ ቀና የሚል ልጅ። ያ አካባቢ መቼም ሰው የበዛበት ነው። ቤቱ፣ ቡናው፣ እንሰቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ አስፋልቱን ተደግፎ የቆመ ይመስላል። ሹፌሩ ድንገት ምክር ጀመረ።

«ስማኝ ልጄ፣ እግዜር አያድርገውና ሰው ብትገጭ ወርጄ ላንሳው እንዳትል። ፖሊስ ጣቢያ እስክትደርስ ንዳ።»

«ቁስለኛውስ ጋሼ?» አለ ልጁ።

«ቁስለኛውን ሌላ ሰው ያነሳዋል። አንተን ግን ማንም አያነሳህም።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ሕጉ የሚለው ቁምና እርዳ ነው። ሹፌሩ ቆሞ ቢያነሳው ኖሮ ይተርፍ የነበረ ስንት ሰው አለ! በኋላ ግን ሰውየው ከሕጉ አብልጦ የሚፈራው ነገር እንዳለ ገባኝ። የሚፈራው ባለ ደሙን ነው።

ይህ ፍርሃት አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ። አንዱ መጥረቢያውን ሲሰነዝር ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። በመካከላቸው ቂም አልነበረም። ግን ሰው ሞቷል፤ የሟች ወንድምም ልቡ ነዷል። ታዲያ ምን ይደረግ? ሕጉ 6 የመማፀኛ ከተሞች እንዲለዩ አዘዘ፤ 3ቱ ከዮርዳኖስ ወዲህ፣ 3ቱ ከዮርዳኖስ ማዶ። ኬብሮንና ሴኬም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሳያውቅ የገደለ ሰው ሮጦ ከአንዱ ይገባል።

ልብ በሉ፣ ከተማው የወንጀለኛ መደበቂያ አልነበረም። ፍርድ አለ። አስቦ የገደለ ሆኖ ከተገኘ ከዚያው ወጥቶ ለባለ ደሙ ይሰጣል። ሳያስብ የገደለም ቢሆን «በል እንግዲህ ቤትህ ግባ» አይባልም፤ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት እዚያው ይቀመጣል። ቀድሞ ከወሰኑ ወጥቶ ባለ ደሙ ካገኘው ደሙ ደመ ከልብ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ቀኑን ማሳጠር አይቻልም። ሊቀ ካህናቱ ሲሞት ግን ነጻ ነው፤ ወደ ርስቱ ይመለሳል።

የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና ሕጉን ሲያብራሩ ሁለት ነገር ነግረውናል። አንደኛው፣ የሊቃነ ካህናቱ እናቶች ለስደተኞቹ ምግብና ልብስ ያቀርቡላቸው ነበር፤ «ልጃችን ቶሎ ይሙት» ብለው እንዳይጸልዩባቸው። እናት መቼም እናት ናት። ሁለተኛው ግን አያስቅም። የከተማው ሰዎች ስደተኛውን ሊያከብሩት ሲነሱ «እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ» ብሎ መናገር አለበት። «ቢሆንም» ካሉት ክብሩን ይቀበላል። ሳያውቅ ነው፤ ግን ገድሏል። ሕጉ ሁለቱንም እውነት አልጣለም።

እኛም አገር መማፀኛ ነበር። በጎንደር እጨጌ ቤት ገብቶ የተማፀነን ሰው አሳዳጁ እንዳይነካው ሥርዓቱ ይከለክል ነበር፤ አክሱም ጽዮንም እንዲሁ። በጌዴኦ ዘንድ ደግሞ ሰው የሚማፀነው ሽማግሌ ነው። «ባሌ» በሚባለው የጌዴኦ የገዳ ሥርዓት ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ። ከጎረቤት ጉጂ ጋር ደም ሲፈስ «ጎንዶሮ» አለ። በአፈ ታሪክ ደራሶ፣ ጉጆና ቦሮ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ከእነሱም ጌዴኦ፣ ጉጂና ቦረና ተወለዱ ይባላል። ስለዚህ ጌዴኦና ጉጂ ከተገዳደሉ የፈሰሰው የወንድም ደም ነው፤ እርግማን ያመጣል። ጎንዶሮ ይህን ደም የሚያደርቁበት፣ ዳግም ላለመበቃቀልም የሚማማሉበት ሥርዓት ነው።

ለመማፀን መጀመሪያ ገዳዩ መታወቅ አለበት፤ ደሙ በእሱ ላይ እንጂ በጎረቤቱ ላይ እንዳይቆጠር። በ1990 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል የተነሳው ግጭት ይህን አፈረሰ። 2010 ዓ.ም. ደግሞ ባሰ፤ ከሁለቱም ወገን ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ጌዴኦ ነበር። በጌዴኦ ዞን ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ተሞላ። ነገሩ ተገለበጠ። በኦሪቱ የሚሮጠው ገዳይ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ማንንም ያልገደለ ሰው ልጁን አዝሎ ሮጠ። ደም ከአንድ ሰው ላይ ተነስቶ በሕዝብ ላይ ከተጻፈ፣ 6 ከተማ ቀርቶ 60ም አይበቃም።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ግልጽ ደንብ አውቆ የጣሰ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ከሆነ እስራቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው። ሕጉ ስሕተትን ከክፋት ይለያል፤ መልካም። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ መዝገቡ ሲዘጋ የሟች እናት ኀዘን አብሮ አይዘጋም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የደም ጉዳይ እዚያ የለም። እናም ሰውየው ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ወደ ሰፈሩ የሚመልሰውን ሽማግሌ ራሱ ለምኖ ይፈልጋል። ያላገኘ አገር ይለውጣል።

ፖሊስ ጣቢያው እንግዲህ የዛሬ መማፀኛ ከተማችን ነው። መግቢያ አለው፤ የጎደለው መመለሻው ነው። ፍርድ ቤት ይቅጣ፣ ከቅጣቱ በኋላም ሽማግሌ ያስታርቅ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያፈርስ አድርጎ ማያያዝ ይቻላል። እርቁ ክስ ማፍረሻና ምስክር ማስቀሪያ ከሆነ ግን የሟችን ቤተሰብ ሁለተኛ መግደል ነው።

ኦሪት ከተሞቹን ለዩ ብሎ ብቻ አልተወም፤ መንገዱንም አዘጋጁ ብሏል። ያ ረዳት ልጅ ዛሬ መሪ ጨብጦ ይሆናል። ክፉ ቀን ቢገጥመው ቆሞ ቁስለኛውን እንዲያነሳ ከፈለግን፣ ቆሞ የሚተርፍበትን፣ ተቀጥቶም የሚመለስበትን መንገድ ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ነው።