አክስቴና የኮልፌው ፈጥኖ ደራሽ

ዘንድሮ የቀበርናትን አክስቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ አጠገብ ጠላ እየጠመቀች፣ እንጀራ እየጋገረች ፖሊሱን ስታበላ የኖረች፣ እኔንም እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ ነች።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ መጥተው ከፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ዘንድ የጦር ትምህርት ተምረዋል። ተኩሱ፣ ፈንጂው፣ ጠመንጃ ተሸክሞ መጓዙ ነበር ትምህርቱ። ለስድስት ወር የታሰበው ሳያልቅ ከአገራቸው ተጠርተው ተመለሱ። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ፤ 27 ዓመት ታስረው የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ተፈቱ። ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም አለቀሰላቸው።

ያን ሰሞን አክስቴ ሬዲዮ እየሰማች፣ «ያኔ እኮ እኔም እዚያው ነበርኩ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ወደ ሥራ ስጣደፍ፣ «ሌላ ቀን ትነግሪኛለሽ» ብያት ወጣሁ። ነገ ዛሬ ስል ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጸሐፊ ሆኜ የሰው ቃል ስመዘግብ ኖሬ፣ የሷን አንዲት ቃል አልጻፍኩም። የማንዴላን ታሪክ የሚጽፍ ሞልቷል፤ የጠላ ጠማቂዋን ከኛ በቀር ማን ይጽፈዋል?

እድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህኑን ቆጥሮ በመዝገብ ይዟል። የሽማግሌዎቻችንንና የባልቴቶቻችንን ቃልም እንያዝ እላለሁ። በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ለቀብር ብቻ አንሰብሰብ።

ነፍሷን ይማርልን።