የእግር አውራ ጣት መጣመምና አጥንቱን የማቃናት ታሪክ

የእግር አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ጣቶች ሲያጋድል ከሥሩ በውስጥ በኩል የሚወጣው ጉብታ ለረጅም ዘመን እንደ ትርፍ አጥንት ስለታየ፣ የቀዶ ሐኪሞች ሥራ በአመዛኙ እርሱን ቆርጦ ማንሳት ነበር። የጄኔቫው ሐኪም ዣክ ሉዊ ሬቨርዲን ግን እ.ኤ.አ. በ1881 ከዚህ አልፎ፣ ከመሐል እግር ተነሥቶ እስከ ጣቱ ሥር በሚደርሰው ረጅም አጥንት ማለትም በሜታታርሳል ላይ፣ ከጫፉ ጥቂት ወደ ኋላ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ በማውጣት የጣቱን አቅጣጫ አቃና። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ሐኪሙ የአጥንቶቹን አሰላለፍ ከቆዳው በላይ ሆኖ የሚያይበት መንገድ ገና አልነበረውም።

መንገዱን የከፈተው ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ያገኘው ራጅ ነው። ታማሚው ቆሞ በሚነሣው ራጅ ላይ ሁለት ማዕዘኖች ይለካሉ፤ አንዱ በአውራ ጣቱና በራሱ ሜታታርሳል መካከል ያለው ሲሆን በጤናማ እግር ከ15 ዲግሪ በታች ነው፣ ሌላው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሜታታርሳል መካከል ያለው ሲሆን ከ9 ዲግሪ አይበልጥም። ከልኬቱም ጣቱ ወደ ውጭ ሲያዘነብል ሜታታርሳሉ በተቃራኒው ወደ ውስጥ እንደሚሸሽ፣ ጉብታውም በአብዛኛው ከመስመሩ የወጣው የዚሁ አጥንት ጫፍ እንደሆነ ታወቀ።

ያም ሆኖ ልማድ ቶሎ አልተለወጠም። አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ዊልያም ኬለር በ1904 ያስተዋወቀው ዘዴ የጣቱን አጥንት መነሻ ቆርጦ የሚያወጣ በመሆኑ ሕመሙን ቢያስታግሥም፣ ጣቱን ያሳጥርና መሬት የሚገፋበትን ኃይል ይቀንስበት ነበር። የችግሩን ሥር በጽኑ የያዘው የኒውዮርኩ ፖል ላፒደስ ነው፤ እርሱም ተመሳሳይ ዘዴ በ1911 ከገለጸው ከሐኪሙ አልብሬክት በኋላ፣ በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሜታታርሳሉ ኩኔይፎርም ከተባለው የመሐል እግር አጥንት ጋር በሚገናኝበት መገጣጠሚያ የልስልስ አጥንቱን ሽፋን አንሥቶ፣ ሁለቱን አጥንቶች በተቃና መስመር እንዲጋጠሙ አደረገ። ዛሬ በብሎንና በብረት ሳህን የሚታሰረው ይህ ዘዴ ጠማማነቱን ከመነሻው ስለሚያርም፣ መዛባቱ ለከፋ እግር ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል።

ይሁንና ማዕዘናቸው ከተስተካከለላቸው እግሮች አንዳንዶቹ እንደገና ተጣመሙ። ጃፓናዊው ሪዩዞ ኦኩዳና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳሳዩት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሜታታርሳሉ ጫፍ ውጫዊ ጠርዝ በራጅ ላይ ክብ ሆኖ ከታየ ጠማማነቱ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ይህም አጥንቱ ወደ ጎን ከመሸሹ ሌላ በራሱ ዙሪያ መሾሩን እንደሚጠቁም ብዙዎች ተቀብለውታል። ስለዚህ ማዕዘኑን ብቻ አቃንቶ መሾሩን ሳይመረምር የተወ ቀዶ ሕክምና ሥራውን ጨርሷል ሊባል አይችልም።