የታጠፈ ጉዞ፦ የቻይና አዲስ ዓመትና የመርከብ ጭነት

ከቻይና ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከጭነት አስተላላፊው ደጋግሞ የሚሰማው ቃል አለ፤ «ብላንክ ሴይሊንግ»። የመርከብ ድርጅቱ መርሐ ግብር ያወጣለትን ጉዞ ሲተወው፣ ወይም መርከቡ ሊጭንበት የነበረውን ወደብ ዘሎ ሲያልፍ እንዲህ ይባላል። በአማርኛ «የታጠፈ ጉዞ» ብንለው ይስማማል። ጉዞው ቢታጠፍም ጭነቱ አይቀርም፤ ለቀጣዩ መርከብ ይሸጋገራል።

ለመታጠፉ ዋናው ምክንያት ቹንጂዬ፣ ማለትም የቻይናውያን የፀደይ በዓል ነው። ቀኑ ጨረቃን ስለሚከተል በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2018 የካቲት 10 ነበር፣ በ2019 ደግሞ ጥር 29 ይውላል። መንግሥት የሚሰጠው ዕረፍት ስምንት ቀን ገደማ ነው። ብዙ አስመጪ የሚሳሳተው ይህን ቁጥር ይዞ ሲያሰላ ነው።

ፋብሪካው የሚሠራው በሠራተኛው አቆጣጠር ነውና። በጓንግዶንግና በዠጂያንግ ማሽን ላይ ከሚቆሙት ብዙዎቹ ከሲቹዋን፣ ከሄናን፣ ከሁናን የመጡ ናቸው፤ ወላጆቻቸውንና አገር ቤት የተዋቸውን ልጆቻቸውን በዓመት አንዴ የሚያዩት በዚህ በዓል ነው። «ቹንዩን» የሚባለው የጉዞ ወቅት ከበዓሉ 15 ቀን ቀድሞ ይጀምርና እስከ 25 ቀን በኋላ ይዘልቃል፤ በድምሩ 40 ቀን። አንዳንዱ ሠራተኛ እዚያው አገሩ ይቀራል፤ ፋብሪካው ሌላ ቀጥሮ እስኪያለማምድ ምርቱ ይዘገያል። በዚህ ሰው ላይ መቆጣት ተገቢ አይመስለኝም፤ የሚሻለው ቀድሞ ማዘዝ ነው።

ወደቦቹ አይዘጉም። በሻንግሃይ፣ በኒንግቦ፣ በሸንዘን ክሬኖቹ ይሠራሉ። ከበዓሉ በፊት ሁሉም «ሳይዘጋ ላስጭን» ስለሚል ኮንቴይነር ይጠፋል፣ የማጓጓዣ ዋጋም ይንራል። ከበዓሉ በኋላ ግን ፋብሪካው ገና ስላልነቃ የሚጫን የለም። ግማሹ ባዶ የሆነ መርከብ የጉዞውን ወጪ ላይሸፍን ስለሚችል ድርጅቱ ጉዞውን ያጥፋል። ስለዚህ ጉዞ በብዛት የሚታጠፈው በበዓሉ ሳምንትና ከዚያ በኋላ ነው፤ ጅቡቲ ላይ የሚሰማው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ፣ ለፋሲካ ገበያ የታሰበው ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ መድረስ በነበረበት ጊዜ ነው።

በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለአቅራቢው ክፍያ በሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ ለሚያስመጣ ሰው ጉዳቱ ይብሳል። ሰነዱ ላይ የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ተጽፏል፤ ጉዞው ታጥፎ ያ ቀን ካለፈ ኤልሲውን ማሻሻል ግድ ይሆናል፣ ባንኩም ያስከፍላል። አቅራቢውን «በዓሉ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት ፋብሪካው የመጨረሻውን ትእዛዝ የሚቀበልበትና መርከቡ ጭነት መቀበል የሚያቆምበት ቀን ነው፤ የኤልሲው ቀን ሲሞላም ቢያንስ አንድ ጉዞ ይታጠፋል ብሎ ማስላት ይገባል።